በአየለች ስም የተሠራ ሥራ

ወልደአምላክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንቱ ተነስቶ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ወደሚሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲደርስ ገና ማለዳ ነበር። እንደ ወትሮው የመግቢያ ባጁን ወደ በሩ አስጠጋ። ቀይ መብራት በራ። ባጁን በሸሚዙ ጠርጎ ደገመው፤ አሁንም ቀይ።

ጥበቃው ጋናዊ ነው፤ በየጠዋቱ ስለ ልጆቻቸው ይጠያየቃሉ። ያን ቀን ግን ከመቀመጫው ሳይነሳ ራሱን ነቀነቀና፣ ሲስተሙ ከተቀየረ ወዲህ የሚያውቀውንም ሰው ቢሆን እንዳያስገባ መታዘዙን ነገረው። ወልደአምላክ ነገሩ አልገባውም። ካወቀኝ ለምን አያስገባኝም? ካላስገባኝስ ምኑን አወቀኝ?

እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ጆኒ መጣ። ጆኒ የድርጅቱን የኮምፒውተር ደኅንነት ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። ሐበሻ ቢሆንም እዚያው አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ስላደገ አማርኛው ይሰባበራል እንጂ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ ያስረዳው ጀመር። ድሮ አንዴ በሩን ላለፈ ሰው ውስጥ ያለው ሁሉ ይከፈትለት ነበር። አሁን ማንም አስቀድሞ አይታመንም፤ ዳይሬክተሯ እንኳ በየበሩና በየኮምፒውተሩ ማንነቷን ማረጋገጥ አለባት። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት አካውንት ደግሞ በራሱ ጊዜ ይዘጋል።

"ጋሼ፣ ፐርሰናል አይደለም" አለው ጆኒ። "ግን አንተ... እርስዎ፣ በስምዎ ኮምፒውተሩ ላይ ሎግኢን አድርገው አያውቁም። ከተቀጠሩ ጀምሮ ምንም አልሠሩም ነው የሚለው።"

ወልደአምላክ ሊስቅ ቃጣው፤ ሳቁ ግን አልመጣ አለው። ስንት ዓመት አረጋውያን ሲያገላብጥ፣ ሲያጥብ፣ ሲያጎርስ ኖሯል፤ የወገቡ ሕመም ምስክር ነው።

"ታዲያ ማን ሠራው ይላል?" ሲል ጠየቀ።

ጆኒ ስክሪኑን አዞረለት። ከላይ እስከ ታች የአየለች ስም ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንደኛ ፎቅ ቁርስ ስታበላም፣ ሦስተኛ ፎቅ ሰው ስታጥብም ተመዝግባለች።

ወልደአምላክ ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት። አየለች የክፍሉ አለቃ ነርስ ናት። እሱ በዲቪ መጥቶ ሥራውን ሲጀምር ኮምፒውተሩን ፈርቶት ነበር። አየለችም በራሷ ፓስወርድ ከፍታ፣ ተወው፣ በኔ ግባ አለችው። ሌሎቹንም እንደዚሁ። ኮሪደር ላይ ያለው ኮምፒውተር በስሟ እንደተከፈተ ይውላል፤ ሁሉም የሠራውን እዚያው ጽፎ ይሄዳል። ነውር አለው ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ጆኒ በስሟ ማን ይገባ እንደነበር ጠየቀው። እውነቱን ቢናገር አየለችን ችግር ውስጥ ሊከታት ነው፤ ቢደብቅ ደግሞ መዝገቡ ላይ ራሱ የለም። "አላውቅም" አለ።

ለዚያን ቀን ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገሩት። ቤቱ ግን አልገባም፤ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ አየለች ዘንድ ሄደ። የዕረፍት ቀኗ ነበርና ሳሎኗ ውስጥ ልብስ ስታጣጥፍ አገኛት። የሆነውን ሲነግራት እጇ ፎጣው ላይ ቀረ። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወደቆመው የመስታወት ሽልማት ሄደ፤ አምና የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተብላ የተሸለመችው ነው።

"የሰጡኝ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር" አለች። "አሁን የቱ የኔ፣ የቱ ያንተ እንደሆነ በምን ልወቅ?"

እሱም አላወቀም። ሽልማቱን ስትቀበል መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ አጨብጭቧል። ያጨበጨበው ለሷ ነው ወይስ ለራሱ? ሊያጽናናት ፈለገ፤ ቅር ያለውም መሰለው፤ የትኛው እንደሚያይልበት መለየት አቃተው።

አየለች ፎጣውን አጣጥፋ ጨረሰች። "ነገ አብረን እንገባለን። አላውቅም ያልከውን ተወው፤ እኔም የማውቀውን እናገራለሁ።"

በማግሥቱ ሁለቱም ጆኒ ፊት ተቀምጠው ሳይደባብቁ ተናገሩ። ጆኒ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሌባ የአየለችን ስም ሰርቆ ገብቷል ብሎ ሲጨነቅ ነው ያደረው። ከዚያ የሥራውን መዝገብ ከፍተው የየራሳቸውን ሊለዩ ሞከሩ። አንዱን ቀን ወልደአምላክ የኔ ነው ሲል አየለች የኔ ይመስለኛል ትላለች፤ ሌላውን ቀን ሁለቱም አያስታውሱትም። በመጨረሻ ተዉት። ያለፈው መዝገብ ስለማይነካ በአየለች ስም ቀረ። እሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ የሽልማቱን ነገር ግን ማንም አላነሳባትም። ወልደአምላክ እንደ አዲስ ተቀጣሪ አካውንት ተከፈተለትና ስለ እጅ አስተጣጠብ ቪዲዮ እንዲያይ ታዘዘ። ቁጭ ብሎ አየው።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዶረን የሚባሉትን አሮጊት ሾርባ አጠጥቶ ወደ ኮሪደሩ ኮምፒውተር ሄደ። ስሙን ጻፈ። ማሽኑ ስልክህ ላይ አረጋግጥ አለው፤ ስልኩ ደግሞ ዕቃውን በሚያስቀምጥበት ሎከር ውስጥ ነው። አምጥቶ ሲመለስ ገጹ ተዘግቶ ጠበቀው። እንደገና ጀመረ።

አጠገቡ አየለች መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስልኳን ትነካካለች።

"ከፈተልህ?" አለችው።

"ከፈተልኝ።"

ደስ ይበለው ይከፋው ሳይለይለት፣ ወይዘሮ ዶረን ሾርባውን ግማሽ እንደጠጡ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም ጻፈ።