ያልተበላው ቋሊማ

ባለፈው ሳምንት ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሆት ዶግ በላሁ። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ዳር ቆሜ ስገምጥ ያየኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰላምታውን አሳጥሮ አለፈ። ሻጩ ጎረምሳ ዳቦውን በቢላ ሰንጥቆ፣ «ምን ይግባበት ፋዘር?» አለኝ። ካቻፕ አለ፣ ማዮኔዝ አለ፣ ጥቅል ጎመን አለ፣ የተጠበሰ ድንች አለ። ከጎኔ ሁለት ተማሪዎች ክርክር ይዘዋል። አንደኛው፣ የአዲስ አበባ ልጅ መሰለኝ፣ ድንቹ ውስጡ ካልገባ ሆት ዶግ አይባልም ይላል። ሌላው ደግሞ የሐዋሳው ሆት ዶግ በአዋዜ ነው፣ እሱን ያልቀመሰ ዝም ይበል ይላል። እኔ ሰናፍጭ አልሁ። «ሰናፍጭ የለንም፤ ማስታርድ ነው ያለው» አለኝ ልጁ። ሰናፍጭና ማስታርድ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ልነግረው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ማረም የምወድ ሰው ነኝ፤ መተዉን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

ቋሊማ በዳቦ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ልጆች ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ምግብ እኛ ቤት የገባው እነሱ ሳይወለዱ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከድሬዳዋ በመጣ አንድ ቴክኒሻን ዘንቢል ውስጥ ነው። ሰውዬው ደረጀ ይባላል። እኛ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግን ነበር። እኅቴን የሺወርቅን ደግሞ ሊያገባ ይፈልግ ነበር።

የሺ አስተማሪ ነበረች። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ከከተማችን ሐይቅ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ቀበሌው የእሑድ ስብሰባውን የሚጠራው ሆነ ብሎ በቅዳሴ ሰዓት ነበር፤ አባቴም ሆነ ብለው ቅዳሴውን ይመርጣሉ፤ ስማቸው በየሳምንቱ ከቀሪዎች ተርታ ይነበባል። እኔ ልጃቸው ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ፣ ሞስኮ ታትመው በስሙኒ የሚሸጡትን ቀያይ መጻሕፍት እያነበብሁ ዓለምን ጨርሼ ነበር። የገባኝን እከራከርበታለሁ፤ ያልገባኝን ጮክ ብዬ እከራከርበታለሁ።

ችግሩ ደረጀ የሩቅ ሰው መሆኑ ነው። ወገኑን የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። አባቴ እምቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። «ሰውዬውን ልየው» ብቻ አሉ። የሺ በዚያች አንዲት መተያየት ሁሉ ነገር እንደሚያልቅ ታውቅ ነበር፤ አባቴ አንዴ የወሰኑትን መልሰው ሲያነሡ አይተን አናውቅም። ቀኑ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ ሆነ። እናቴ እኅቷ ልጅ ክርስትና ልታስነሣ ስለሆነ መራዊ ሄዳ ነበር። ቤቱም በግንቦት ሙቀት ምድጃ ይሆናልና፣ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር እንቀመጥ ተባለ። ደረጀ፣ «ምሳውን እኔ እችላለሁ» ብሎ ላከ።

የሺ ሳምንቱን ሙሉ ደረጀን ያስጠናችው አንድ ነገር ነው። ድሬዳዋ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው።

«እርስዎ በል።»

«እርስዎ። አቦ፣ ምላሴ ተሳሰረ እኮ!»

«ይተሳሰር።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ሥር ተገናኘን። ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ይሸታል፤ ከወዲያ እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ደረጀ ካኪ ልብሱን ተኩሶ ለብሶ፣ የከሰል ምድጃ በአንድ እጁ፣ ዘንቢል በሌላው ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመና ሳይቀመጥ ከሰሉን ማቀጣጠል ጀመረ። ዳቦው ጠዋት ተሰልፎ የገዛው ፉርኖ ነው። ከዚያ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ በተነጠፈው ነጠላ ላይ ደረደረ። ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተፈጨበት አረንጓዴ ዳጣ፣ አዋዜ፣ በሎሚ የራሰ ቀይ ሽንኩርት። የሺ ደግሞ እናቴ ትታልን የሄደችውን ሰናፍጭ አወጣች።

«ድሬ በዳጣ ነው» አለ ደረጀ፣ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው። «ሐረር ስትገባ ሎሚ ያበዙበታል። ሸገሮች ሰናፍጭ ይለቀልቁታል፤ ከዚያ የሥጋው ጣዕም የታለ?»

«ሰናፍጩ ምን አደረገህ?» አሉ አባቴ።

ሁላችንም ሳቅን። የሺ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን ስታላላ አየሁ።

በመጨረሻ ደረጀ ወረቀት ፈታ። ቋሊማው እናቱ ራሷ ሠርታ በአውቶቡስ የላከችው ነው፤ በጭስ የጠቆረ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ኮረሪማውና ቁንዶ በርበሬው ተነሣ፤ ጮማው መንጫጫት ጀመረ። አባቴ ዳቧቸውን በእጃቸው ይዘው መጥበሻውን ትኩር ብለው ተመለከቱ።

የእኛ አገር ክርስቲያን በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላም፤ እስላሙም በበኩሉ የራሱን እንጂ የክርስቲያን አይነካም። ይህን የማያውቅ የለም። ግን ተጋብዞ የተቀመጠ ሰው ማን አረደው ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ መጠርጠር ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ሁሉም ተደባልቆ የሚኖርባት ከተማ ናት ሲባል ሰምተናል። አባቴ ይህን አስበው ይሁን፣ ወይስ ሰናፍጩ እስኪቀርብላቸው እየጠበቁ ይሁን፣ ዛሬ ድረስ አላወቅሁም። ያን ቀን ግን ያወቅሁ መሰለኝ።

«አባባ፣ የሚያስቡት ማን አረደው ብለው ከሆነ ይተዉት» አልሁ። «ከብት ሃይማኖት የለውም። ሥጋ ሥጋ ነው። ሰው በቢላ አያያዝ የሚለያየው ገዢዎች እንዲመቻቸው ነው።» ከዚህም በላይ ብዙ ተናገርሁ። ስለ ምርት ግንኙነት ሁሉ ሳላነሣ አልቀረሁም። በመጨረሻም ወደ ደረጀ ዞሬ፣ «ንገራቸው እንጂ! ክርስቲያን አረደው እስላም አረደው ምን ለውጥ አለው? ማን ነው ያረደው?» አልሁት።

ደረጀ ቋሊማውን በሹካ አገላበጠ።

«አላውቅም» አለ።

አባቴ ዳቧቸውን ነጠላው ላይ አስቀመጡ። የሺ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ልረዳት የተነሣሁት ሰውዬ ትዳሯን በአንድ ጥያቄ አፈረስሁባት።

ደረጀ አንዱን ቋሊማ አወጣ፣ ዳቦ ውስጥ አጋደመና ወደ እኔ ዘረጋው። «እንካ። ላንተ ለውጥ የለውም አይደል።»

«ብላ እንጂ» አሉ አባቴም፣ ረጋ ብለው።

ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ሥር ነው። ምራቄ ሞልቷል፤ እጄ ግን አልነሣ አለ። ያ ሁሉ ቀይ መጽሐፍ ክንዴን ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። «ጠግቤያለሁ» አልሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ብቻ ቀምሼ።

ደረጀ ቢስቅ አልፈርድበትም ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ለዓመት እስቅ ነበር። እሱ ግን ቋሊማውን ከዳቦው መልሶ አወጣ፣ መጥበሻው ላይ ያለውንም ሰብስቦ በወረቀቱ ጠቀለለ። «ሁለት ቀን በዚህ ሙቀት ተጉዟል» አለ። «እኔም አልተማመንበትም።» ከዚያ ንጹሕ ዳቦ ሰንጥቆ ዳጣ ቀባበት፣ ሽንኩርቱን ሞላበትና ቅድሚያ ለእኔ ሰጠኝ። ጎረስሁ። ዓይኔ ያለቀሰው በዳጣው ነው ብዬ ነበር ያን ጊዜ።

«ለእኔ ከሰናፍጩ» አሉ አባቴ።

አንዱን ጨረሱ፣ ሁለተኛ ጠየቁ። ሥጋ የሌለው ዳቦ ይዘን የትኛው ማባያ እንደሚበልጥ እስኪመሽ ተከራከርን። መሐል ላይ ደረጀ ሞቅ ብሎት፣ «አንተ ደግሞ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ትላለህ! አቦ ይህን ዳጣ ቅመስና ንገረኝ!» አላቸው። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ቀመሱ።

«ያቃጥላል» አሉ። «ጨምርበት።»

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ቀሩ። «ይህ ሰው ሊያዋርድህ ይችል ነበር» አሉኝ። «እጁ ላይ ነበርህ። እኅትህን አንድ ቀን ስታጠፋ እንዲህ የሚይዛት ከሆነ፣ ወገኑ ማን ይሁን ማን ግድ የለኝም።» ሠርጉ በጥር ሆነ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት የሐቀኝነት ታሪክ አድርጌ ሳወራው ኖሬያለሁ። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለማሳየት አንድ ጽሑፍ ውስጥም አስገብቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ድሬዳዋ እነሱ ቤት ሰንብቼ፣ ደረጀ ጡረተኛ ሆኖ በረንዳው ላይ ተንጋሎ ሳለ ድንገት ጠየቅሁት።

«ለመሆኑ ያን ቋሊማ ማን ነበር ያረደው?»

«አጎቴ ነዋ። ዲያቆን ነበር።»

«ታውቅ ነበር? ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«አባትህ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «እሱ መቼ ጠየቀኝ? የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። ላንተ ክርክር ብዬ ቋሊማውን የሠራችውን እናቴን ምስክር ላቁማት?»

ከዚያ ወዲህ ያን ቀን መልሼ መላልሼ አየዋለሁ። አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ኮረሪማ ይወዱ ነበር፤ ጮማም ይወዱ ነበር። ዳቦው በእጃቸው ነበር፣ ሥጋውም የተባረከ ነበር። እንዳይበሉት የከለከላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እንዲበሉት ሲሟገትላቸው የነበረው ልጃቸው።