ሰባ ሰባት ሪቬት

በደርግ ዘመን ናይሮቢ ውስጥ የአሉሚኒየም ድስት የምሠራበት ወርክሾፕ ነበረኝ። ሥራ ከጠፋ አምስት ሳምንት ሆኖ፣ ዘጠኙ ሠራተኞቼ ጠዋት ማታ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ የተዋጊ ጄት ሻጭ ሆቴል አስጠራኝ። አጠገቡ የአንድ አፍሪካ አገር የጦር መኮንን ተቀምጧል። መኮንኑ "ከጄቱ አካል ጥቂቱ እዚሁ አፍሪካ ካልተሠራ አንገዛም" ብሎ ድርቅ በማለቱ፣ ሻጩ ላሜራ ቀጥቃጭ ሲያፈላልግ እኔ ጋ ደርሷል።

የክንፍ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "ሰማንያ ሪቬት አለው። ትችለዋለህ?" አለኝ።

መቁጠር ልማዴ ነው፤ ላሜራውን የሚያያይዙትን ምስማሮች በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሻጩ ሰዓቱን ያያል፣ እግሩን ያወዛውዛል። ብናገር ሥራው ሊቀርብኝ ነው፤ ዝም እንዳልል አንጀቴ እምቢ አለ።

"ሰባ ሰባት ነው" አልኩ።

ሻጩ ፊቱ ቀላ። "አንተ ድስት ሠሪ አይደለህም እንዴ?"

"ድስትም ቢሆን ሪቬት ከጎደለው እጀታው ይወልቃል።"

ቁራጩን ብብቱ ስር ወትፎ በሩን በርግዶ ወጣ። አለቀልኝ ብዬ ስነሣ መኮንኑ ክንዴን ያዘና በስዋሂሊ አንሾካሾከ።

"ፉንዲ፣ አንተ ባለሙያ፣ ሙሉውን አውሮፕላን ትሠራልኛለህ?"

"ኧረ ጌታዬ፣ እኔ የምሠራው አይበርም!"

"ይብረር ማን አለህ? ጠላት ከላይ ሲያየው ጄት ይምሰል እንጂ።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ስንት ይሁንልዎ?"