የተደፈነችው ማስተንፈሻ

ሱሩር ብርድ መሥራት የተማረው ጅዳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው ጣራ ላይ እየወጣ የአየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን ኖሮ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ይውጣ በተባለ ጊዜ ከብዙ የወሎ ልጆች ጋር ተጠርዞ መጣ። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየና ፍሪጅ መጠገን ጀመረ። የማይሆን ዕቃ አይገጥምም። ደንበኛው ቢለምነውም ቢቆጣውም፣ ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ ፍሪጁን ፈትቶ ያስቀምጠዋል እንጂ እንዲያው ለይምሰል አይዘጋውም። ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነበር።

ከሱቁ ፊት ለፊት ወይዘሮ ወርቅያንሱ መጠጥ ቤት ነበራቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን ብቻቸውን ያቀኑ፣ ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ሱሩር ቤታቸው ገብቶ ጠጥቶ አያውቅም፤ ጉርብትናው ግን የጠበቀ ነበር። ለባላቸው ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ሥር ተቀምጧል፤ እሳቸውም ረመዳን በገባ ቁጥር ለማፍጠሪያ ተምር ይልኩለታል።

በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አንድ ቀን መንገዱን ተሻግረው መጡ።

"ሱሩርዬ፣ የድራፍት ማሽን ሥራልኝ።"

"እትዬ፣ እሱን የቢራ ፋብሪካው አይሰጥም እንዴ?"

"ወረፋ ጠብቂ አሉኝ። ዘንድሮ ደግሞ ማን ወረፋ ይጠብቃል? አሮጌ ፍሪዘር ፈልገህ፣ በርሜሉን ውስጡ አቁመህ፣ ቧንቧ ብታወጣለት የማይሆነው ለምንድን ነው?"

ሱሩር ፂሙን እየነካካ "ይሆናል" አለ።

ማታ ለሚስቱ ለመስኡዳ ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ።

"ቢራ ልታቀዘቅዝ?"

"እኔ የምሠራው ብርድ ነው። ውስጡ የሚገባውን እኔ አልገዛው፣ እኔ አልሸጠው።"

"አላህ ፊት እንዲህ ብለህ ትመልሳለህ?"

"መስኡዳ፣ ስንት ዓመት ጎረቤታችን ናቸው። ምን ብዬ እምቢ ልበላቸው?"

እሷም ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳችም።

ዕቃ መረጣው ሁለት ወር ፈጀ። ሱሩር እንደዚያ የተደሰተበት ሥራ አልነበረም። ፍሪዘሩን ያገኘው ከዓሣ ነጋዴው ከኑርዬ ነው። ኑርዬ ከሥራ ያወጣቸው ሦስት ፍሪዘሮች ነበሩት፤ ሱሩር በየተራ ጆሮውን ለጥፎ የሞተራቸውን ድምፅ አዳመጠ፣ በበርሜሉ ቁመት የቆረጠውን እንጨት እያስገባ ክዳናቸው መግጠሙን አየ፣ ሦስተኛውን መረጠ። የዓሣው ሽታ እስኪለቅ በሎሚና በሶዳ እያጠበ ፀሐይ ላይ አዋለው። ፍሪዘር እንዳለ ቢተው ቢራውን በረዶ ስለሚያደርገው፣ ከሞተ ፍሪጅ ቴርሞስታት ፈትቶ ገጠመለትና ብርጭቆ ውኃ እያስቀመጠ ቅዝቃዜውን አስተካከለ። የመዳብ ቱቦ በእጁ ነበረው፤ ቢራ መዳብ ይበላል ብሎ ተወው፤ ለመጠጥ ተብሎ የተሠራ ጎማ ፈልጎ ገዛ። መቅጃ ቧንቧዎቹንና በርሜሉ አፍ ላይ የሚታሰረውን ራስ፣ ደሴ ውስጥ ከተዘጋ መጠጥ ቤት አገኘ። ቢራውን የሚገፋው ጋዝ በሲሊንደር ከኮምቦልቻ መጣ።

ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው ከሲሊንደሩ የሚወጣውን የጋዝ ኃይል የሚቀንሰው መቆጣጠሪያ ነው። ሁለተኛዋ የጣት ጫፍ የምታህል ማስተንፈሻ ናት፤ በርሜሉ ራስ ላይ ተቀምጣ ጋዙ ከልክ ሲያልፍ በራሷ ተከፍታ ታስወጣለች። ከደሴው ራስ ጋር የመጣችው አርጅታ ጋዝ ታፈሳለች። ሱሩር ሁለቱንም አዲስ ከመርካቶ አዘዘ። የሚያመጣለት የአይሱዙ ሹፌሩ አብዱልጀባር ነበር።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ከራያ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የሸሸ ሰው ሐይቅን አጥለቀለቃት፤ ትምህርት ቤቱም የመስጊዱ ግቢም የተፈናቃይ ማደሪያ ሆነ። አብዱልጀባር ደወለ።

"መኪናዬ እህል እንድታመላልስ ታዝዛለች። አዲስ አበባ መቼ እንደምወርድ እኔም አላውቅ።"

ወይዘሮ ወርቅያንሱ ግን በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። መንገደኛውም ወታደሩም ቤታቸውን ሞልቶታል።

"ትንሽ ቀን ይታገሱኝ እትዬ። ሁለት ዕቃ ብቻ ነው የቀረው።"

"ትንሽ ቀን አለን ወይ ሱሩርዬ?" አሉት። ሳቃቸው የለም። "ነገ እኔም ፌስታሌን ይዤ እንደነዚህ ሰዎች መንገድ ዳር እቀመጥ ይሆናል። ዛሬን እንኳ ልሥራበት።"

ሱሩር ያን ቀን ያደረገውን በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። ከአንድ በያጅ ያገለገለ የብየዳ ጋዝ መቆጣጠሪያ ተዋሰና በጎማ አጥብቆ ሲሊንደሩ ላይ አሰረው። የምታፈሰውን ማስተንፈሻ ነቅሎ በቦታዋ ብሎን አስገብቶ ደፈናት። "አዲሷ እስክትመጣ ነው" አለ ለራሱ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከቧንቧው የመጀመሪያው ብርጭቆ ተቀዳ፤ ብርጭቆው ወዲያው ላብ አወጣ። ሰው እየመጣ ፍሪዘሩን ይነካካል፤ ወይዘሮ ወርቅያንሱ "የሐይቅ መሐንዲስ!" እያሉ ያስተዋውቁታል። ሱሩር ጠዋት ጠዋት እየገባ የጋዙን ልክ የምታሳየውን ቀስት ያያታል። አንዳንዴ ማንም ሳይነካት ከፍ ብላ ያገኛታል።

"እትዬ፣ የማይቀዱ ከሆነ ጋዙን ይዝጉት። አደራ።"

"እሺ፣ እዘጋዋለሁ።"

ስለ ብሎኗ ግን አልነገራቸውም። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳው፣ ከመድፈኑ ይልቅ ይህ አለመናገሩ ነው።

ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከንጋት ጀምሮ ሲያጉረመርም ነበር። ሐይቅ ዕቃዋን መሸከፍ ያዘች። ሱሩር የመሣሪያ ሻንጣውን ሲቆልፍ ከመንገድ ማዶ አንድ ነገር ፈነዳ። የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። "ደረሱ! መቱን!" የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ሰው ልጁን እየጎተተ ወደ ደሴ መሮጥ ጀመረ። ሱሩርም መሬት ላይ ተኝቶ ሌላ እስኪወድቅ ጠበቀ። ሌላ አልወደቀም። ቀና ሲል ከወይዘሮ ወርቅያንሱ በር ሥር ነጭ አረፋ እየፈሰሰ ወደ መንገዱ ሲወርድ አየ። ያኔ ገባው።

ሮጦ ሲገባ በርሜሉ ተሰንጥቋል። የፍሪዘሩ ክዳን ከማጠፊያው ተነቅሎ፣ ወይዘሮ ወርቅያንሱን ማሽኑን ከሶኬት ሊነቅሉ ጎንበስ ባሉበት ደረታቸውን መትቷቸዋል። ጋዙ አልተዘጋም ነበር። ብሎኗ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

"ከባድ መሣሪያ ነው?" አሉት፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። "ቤቴን መቱት?"

"አዎ እትዬ" አለ ሱሩር።

ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር። የመስኡዳ ወንድም ጠሃ ባጃጁን አምጥቶ ጫኗቸው። መንገዱ በሰውና በአህያ፣ ፍራሽ በተጫነበት ጋሪ ተጨናንቆ ባጃጇ የእግረኛ ያህል እንኳ አትሄድም። ሱሩር ጭንቅላታቸውን ታፋው ላይ ይዞ "አብሽሩ፣ ደረስን" ይላል። የደሴ ቤቶች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ እጃቸው ከእጁ ላይ ወደቀ።

ደሴ ዳር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሱሩርና ጠሃ ራሳቸው ጉድጓዱን ቆፈሩ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ቀርተው ነበር።

"የክርስትና ስማቸውን ማን ልበል?" ሲሉ ጠየቁ።

ሱሩር ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ኖሮ አያውቀውም።

ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ፣ የተቀደደው ፍሪዘር ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ ወይዘሮ ወርቅያንሱን ከባድ መሣሪያ ገደላቸው ይላል። ሱሩር የመስኡዳን ምክር ሰምቶ ዝም ብሎ ነበር። "ብትናገር እሳቸውን አይመልስ፤ አንተን ግን ያሳስርሃል። ልጆችህን አስብ" ብላዋለች።

ጥር ላይ ልጃቸው የሻረግ ከአዲስ አበባ መጣች። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ወረቀት ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

"በጦርነቱ የሞቱትን እየመዘገቡ ነው። አብሯት የነበረው አንተ ነህ አሉኝ። እንዴት እንደሞተች መስክረህ ፈርምልኝ።"

ወረቀቱን ተቀበለ። ብዕሩን አነሳ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

"እህቴ፣ ይህ ልክ አይደለም። መሣሪያ አይደለም የገደላቸው።"

ከዓሣው ፍሪዘር ጀምሮ እስከ ብሎኗ ድረስ ነገራት። ቆማ ሰማችው።

"አውቃ ነበር?"

"አያውቁም። ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው።"

"አሁንስ ባትነግረኝ ምን ነበረበት?" ድምፅዋ ከፍ አለ። "ሦስት ወር ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ስረግም ኖርኩ፤ ለምጄው ነበር። አንተን ግን ዓይንህን እያየሁ ምን ላድርግህ?"

የሻረግ ወረቀቷን ወስዳ መንገዱን ተሻገረች።

ሱሩር ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ጣቢያው ገና ወንበር እንኳ አልነበረውም፤ ቃሉን ጽፈው "ስንፈልግህ እንጠራሃለን" አሉት፤ አልጠሩትም። የእስላምም የክርስቲያንም ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀመጡ። የሟች ወንድም መጥተው ካሣ አንፈልግም፣ በቃ ብለው ተነሱ። የሻረግ አልመጣችም። ከተማው ውስጥ አንዳንዱ "እብድ ነው፤ ማን ጠየቀው?" ሲል፣ ሌላው ቢራ ነክቶ አላህ ቀጣው ይላል። ሱሩር ይህን ሁለተኛውን ሲሰማ ይናደዳል። "ቢራው ምን አደረገ? ወላሂ፣ ወተትም ቢሆን ይፈነዳ ነበር" ይላል።

በዓመቱ ጥቅምት የሻረግ የእናቷን ሙት ዓመት አወጣች። ለእስላሙ ጎረቤት ለብቻው በሬ ታረደ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተጠራ። መስኡዳም ተጠራች። ሱሩር አልተጠራም። ሱቁን ገርበብ አድርጎ የሰው ፍሪጅ ፈትቶ ተቀመጠ፤ ከመንገድ ማዶ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ድምፅ ሲሰማ ዋለ።

መስኡዳ ወደ አሥር ሰዓት ተመለሰች።

"ምን አሉ?" አላት ቀና ሳይል።

"ስለ አንተ ነው? ስምህን ያነሳ የለም።"

ራሱን ነቀነቀና ብሎን መፍቻውን ከመሬት አነሳ።