አስፋልት ዳር የተከፈተች ሰንጢ

ድሮ ሰንጢ ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። እጀታዋ የበሬ ቀንድ፣ ስለቷ የመሐል ጣቴን የምታክል፣ ስትታጠፍ ቀጭ የምትል። መፋቂያ የምቆርጠው፣ ሸንኮራ የምልጠው፣ የከበደኝን የገመድ ቋጠሮ የምበጥሰው በሷ ነው። ግን በኛ በጨፋ ሰው ሰንጢ የሚይዘው ለዚህ ብቻ አይደለም። ከብት ገደል ሲገባ፣ መኪና ሲገጨው፣ ሆዱ ሲነፋ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ብሎ ለማረድ ነው። ከደረስክ ሥጋው ሐላል ነው፤ ጎረቤት ቅርጫ ይካፈለዋል፣ ባለቤቱም በሚያገኘው ገንዘብ ጊደር ይተካል። ካልደረስክ በክት ነው፤ ተጎትቶ ለጅብ ይጣላል።

ታናሽ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከነልጆቿ እኔው ግቢ ናት። ያላት አንድ ላም ነበረች። ልጆቿ የሚጠጡትም የሚለብሱትም ከዚያችው ላም ነው።

እኔ ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። አንድ ቀን ወደ ሰንበቴ ገበያ ስሄድ መንገድ ላይ ባለው የፍተሻ ኬላ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት፤ ስለት ይዞ ማለፍ ክልክል ነው ይላል። በማንበቤ ደስ አለኝ፤ ጅል! ከዚያ ወዲያ ገበያ ስሄድ ሰንጢዬን መደርደሪያው ላይ እተዋለሁ። ማንበብ የማይችሉት ሽርጣቸው ውስጥ ሸጉጠው ያልፋሉ፤ ፈታሹም እንዳላየ ያሳልፋቸዋል።

እንዲህ ትቻት በሄድኩበት በአንዱ የገበያ ቀን፣ ስመለስ እህቴን አስፋልቱ ዳር መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሰንጢዬ እጇ ላይ ተከፍታለች። ከተሳፈርኩበት ባጃጅ ዘልዬ ወረድኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ላሟ ሄደችብኝ።»

ጠዋት ጤዛው ያልለቀቀው ለምለም ሣር ላይ አስራት ነበር። ላሟ ተነፋች፣ ወደቀች። እህቴም ሰንጢዬን ከመደርደሪያው አንስታ ነፍሷ ሳትወጣ ደረሰችላት፤ ከዚያ ትታት ወንድ ፍለጋ ሮጠች። በኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ዶሮ እንኳ ቢሆን፣ ዶሮዋንና ቢላዋዋን ይዛ በር ላይ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን ወንድ ትለምናለች። በገበያ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ወንድ የሚባል የለም። ስለዚህ አስፋልት ወጥታ መኪና ልታስቆም እጇን አነሳች። ሰንጢዋን የያዘችበትን እጅ።

«አይሱዙው ሊድጠኝ ነበር» አለችኝ። «አንድ ባጃጅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ዞሮ ተመለሰ። አንዱ ደግሞ በመስኮት ‹ሽፍታ!› ብሎኝ አለፈ። ወይ ኦቦሌሳ፣ ወይ ወንድሜ! እኔ ሽፍታ እመስላለሁ?»

በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ስለት መዝዞ ለቆመ ሰው እኔም ብሆን አልቆምም።

ላሟን ከገበያ የተመለሱት ጎረቤቶች አግዘውኝ በገመድ ጎትተን ለጅብ ጣልናት። ሁሉም «አላህ ይተካልሽ» አለ። ቅርጫ የለ፣ ጊደር የለ።

ነገሩ አላስተኛ ስላለኝ ጁምዓ ከሰላት በኋላ የመስጊዳችንን ኢማም ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ያ ሸህ፣ ሴት ያረደችው ይበላል?»

«ሙስሊም ከሆነች፣ ቢስሚላህ ካለች፣ ምን ይከለክለዋል?»

«ታዲያ ስንት ዘመን ሲያስተምሩን ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉኝና ጫማቸውን አጠለቁ።

አገሩ ሁሉ ዶሮ ታቅፎ በር ላይ ቆሞ ይኖራል፤ እሳቸው ጠያቂ ይጠብቃሉ!

ቤት ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። ማሽላ እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። ጠጠሩን እየለየች፣

«አንገቷን በግራ እጄ ይዤው ነበር እኮ» አለች። «ሰንጢዋን በቀኜ።»