የጓንግ አሻጋሪው ትንፋሽ

አያቴ ጀምበሩ መተማ አጠገብ ባለው የጓንግ መሻገሪያ በትንፋሻቸው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የፍየል ስልቻ በአፋቸው ይነፋሉ፤ አንገቱን በጠፍር አስረው መንገደኛውን በላዩ ያስተኙና እየዋኙ ይገፉታል። ሌላው አንድ እስኪነፋ እሳቸው ሁለት ይጨርሱ ነበር። ይህን ያወሩልን ራሳቸው ናቸው።

ከመንፋቱ ይልቅ የሚወዱት ጋያቸውን መሳብ ነበር። ትምባሆውን የሚሸጥላቸው ባለሱቁ ኸሊል እንኳ «አባ ጀምበሩ፣ አሁንስ ይብቃዎት» ማለት ጀምሮ ነበር። ሲያሻግሩ መንገደኛው ይረጥባል፤ ትምባሆው ግን አናታቸው ላይ ታስሮ ደርቆ ይደርሳል። ሲያስሉ «የወንዙ ብርድ ነው» ይላሉ። በሚያዝያ ሐሩርም የወንዙ ብርድ ነው።

በ1930 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የጣሊያን ወታደሮች መንደር እያቃጠሉ መጡ። እናቴ አገኘሽ እኔን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር፤ መዳኛው ከጓንግ ማዶ፣ ሱዳን ነው። አያቴ ስልቻውን አነሡና ነፉ። ሳል ያዛቸው፤ የነፉት ሁሉ ተመልሶ ወጣ። በሦስተኛው ሙከራ ዓይናቸው ጨልሞ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ለእኔ የጎደለው ያ ትንፋሽ የት እንደሄደ ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል።

ሴት አያቴ አየሁሽ ስልቻ ነፍታ አታውቅም። ከእጃቸው ነጥቃ ነፋችው። ዋና ያስተማሯት እሳቸው ነበሩና እናቴን ገፍታ አሻገረች፤ ከዚያ ለእሳቸው ተመለሰች።

«እኔን እንደ ዕቃ ልትጭኚኝ?» አሉ።

«ዕቃስ አይስልም። ይውጡና ዝም ብለው ይተኙ።»

በአምስተኛው ቀን ሱዳን ተወለድሁ። አያቴም አዋጅ አወጡ፤ ጋያ የያዘ ሰው በስልቻቸው አይሻገርም። አዋጁን የሚያፈርሱት ራሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ1933 ጣሊያን ለቆ ስንመለስ አያቴ ከአልጋ የማይወርዱ ሆነው ነበር። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልቻ አይተው «ትንፋሼን ለሰው ሰጥቼ ጨረስሁት» አሉ።

አየሁሽ ትራሳቸውን ከፍ እያደረገች «ለሰው የሰጡትስ ጥቂት ነው። የቀረውን የወሰደው ጋያው ነው» አለቻቸው።

አያቴ ለዚህም መልስ ነበራቸው፤ አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሹ ግን አልበቃቸውም።