የወንድሜን ኮት ለብሼ ጡረታ ቢሮ ሄድኩ

«እማማ፣ ሞቱ የሚሏቸው ባለቤትዎ ይኸው አጠገብዎ ቆመዋል!» አለች ዛሬ ጠዋት የጡረታ ቢሮዋ ልጅ።

የሟች ታላቅ ወንድሜ ጡረታ ለሚስቱ ለእትዬ ጥሩ እንዲዛወር ሄደን ነው። መሞቱ ካልተረጋገጠ ለሳቸው አይከፈልም።

ልጅቷ የፋይሉን ፎቶ አየች፤ እኔንም አየች። ለካ እትዬ ጥሩ በአርባው የሰጡኝን ኮት ለብሻለሁ፤ ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ኮት!

መልካችንማ አንድ ነው። በሱ ስም ደግሜ የበላሁበት ሰርግ ስንት ነው!

«ልጄ፣ እኔ ታናሹ ነኝ» ብዬ መታወቂያዬን ሰጠኋት። ተሳቀ፤ ጉዳዩም አለቀ።

ስንወጣ እትዬ ጥሩ ኮሌታዬን አስተካከሉልኝና ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ስትገባ ስትወጣ እሳቸው ይመስሉኛል» አሉኝ።

ኮቱ አሁን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። እናንተስ የሟች ልብስ ለብሳችሁ ምን ገጠማችሁ?