ረጅሙን ቃል በድቤ የቆረጥንበት ሰሞን

ለሰርግ ዘፈን መጀመሪያ የወጣሁት ወሎ ውስጥ፣ ግራና ከተማ ነው። ድቤ እመታለሁ ብዬ ስቀርብ፣ ዘፈኑን የሚመሩት አውጪያችን እትዬ ዘሃራ ድቤውን ከእጄ ወስደው ከተቀባዮቹ ኋላ አስቀመጡኝ። መተንፈስ ገና አታውቂም አሉኝ። ደነገጥሁ፤ ዘፈን ድምፅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኋላ እኔም አውጪ ሆንሁ። ውርጌሳም መርሳም ወልዲያም፣ ሰርግ ካለ አለሁ፤ እግሬ ቤት አይቀመጥም። ሥራው ረጅሙን ግጥም እየቆረጡ ለተቀባይ መስጠት ነው፤ ከባዱ ምት ሳይደርስ መተንፈስ ነው።

እንደ ዘንድሮ ግን ደንግጬ አላውቅም። መርሳ የምትማረው የልጅ ልጄ ሰዓዳ ትንተባተባለች። ለወላጆች ቀን በእንግሊዝኛ እንድትናገር ተመርጣ ነበር። ልምምድ ላይ አንድ ቃል ቢይዛት ተሳቀባት፤ ትምህርት በቃኝ ብላ ወደ እኔ ቤት መጣች።

ቃሉን እንደምንም አለችልኝ፤ ዲኦክሲራይቦኑክሌይክ። ሱብሃነላህ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ቃል ነው?

"የዲኤንኤ ረጅሙ ስም ነው፤ በሰው ሁሉ ሰውነት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ እማማ።"

"እኔም ውስጥ?"

"እርስዎም ውስጥ።"

እስካሁን ስሙን ሳላውቅ ተሸክሜው ኖሬያለሁ።

ድቤዬን አውርጄ ቆረጥነው፤ ዲ፣ ኦክ፣ ሲ፣ ራይ፣ ቦ፣ ኑ፣ ክሌ፣ ይክ። ሁሉንም እኩል መታሁት። ኑ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አለቀ። አስተማሪሽ የትኛው ላይ ይጫናሉ ብላት አላወቀችም፤ ጠይቂ ብዬ ላክኋት። ክሌ ላይ ነው አሏት። ከዚያ ወዲያ የፊት የፊቱን በጣት ጫፍ፣ ክሌን በሙሉ መዳፍ መታሁላት። ከኑ በኋላ ተንፍሺ አልኋት።

"መሐል ላይ ባቆም አይስቁብኝም?"

"ይሳቁ። አንቺ ተንፍሺ።"

በወላጆች ቀን ከእናቶች ጋር ተቀመጥሁ። ሰዓዳ መድረክ ላይ ወጣች፤ ኑ ላይ ደረሰችና አቆመች። ከኋላ አንዱ "ተቀረቀረባት" አለ፤ ተሳቀ። የነገርኋትን እኔው ረሳሁት፣ አለቀላት ብዬ ዐይኔን ጨፈንሁ።

ትንፋሿን ስባ ክሌን አሳረፈችው። ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሳቁ መቼ እንደቆመ አላስተዋልሁም።

ሰኞ ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ተነስታ ትምህርት ቤት ሄደች።

ለጀማሪ አውጪዎች የምላችሁ ይህን ነው፤ ከባዱ ምት የት እንደሚያርፍ ሳትጠይቁ አትቁረጡ። ከእሱ በፊት ተንፍሱ፣ ቢሳቅባችሁም።